መወጣጫውን አታስቆርጪው፣ ገዢው የሚመጣው እሱን ፈልጎ ነው

ከደብረ ማርቆስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እንደ አማካሪ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ዊልቸር እንዳለ ሰው። ሁለተኛው ንባብ እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ።

ለሌሎች አንባቢዎቼ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እህታችን 46 ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ፖሊዮ ሁለት እግሮቿን ያዛት። በጥልፍና በልብስ ስፌት ራሷንም ልጇንም አኑራለች። ከ9 ዓመት በፊት አሜሪካ ያለው ወንድሟ አንድ ቶዮታ ሲዬና ላከላት። ወለሉ ዝቅ ተደርጎ የተሠራ፣ ከጎን በሩ መወጣጫ የሚዘረጋ፣ ፍሬኑና ነዳጁ በእጅ የሚታዘዝ መኪና ነው። የገባውም በእሷ ስም ከቀረጥ ነፃ ነው። እስከ አሁን በእሱ ጨርቅ ገዝታበታለች፣ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳበታለች፣ ባሕር ዳር ድረስ ብቻዋን ነድታ ሄዳበታለች። አሁን ግን ትከሻዋ አልቋል። ሐኪሙ ከዊልቸር ወደ መኪና ወንበር በክንዷ መሸጋገሩን እንድትቀንስ ነግሯታል። ስለዚህ መኪናውን ሸጣ ሱቋን ልታሰፋ አስባለች።

ደላላው ታዲያ ምን አላት? "ይሄ ብረታ ብረት ይነቀል፣ መወጣጫው ይቆረጥ፣ ከኋላ ወንበር እናስገጥማለን፣ ያኔ በሳምንት ውስጥ ይሸጣል።" ከቡሬ አንድ የእህል ነጋዴ ጠይቋል። መወጣጫው ክረምት ላይ አንዳንዴ መሀል ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ይህንንም ደላላው "ከአፍሽ እንዳይወጣ" ብሏታል። ጥያቄዎቿ እነዚህ ናቸው፦ ላስነቅል ወይ? ስለ መወጣጫው ልናገር ወይ? ወንድሜ የሰጠኝን መሸጥ ነውር ነው ወይ? መሪው ላይ ያለችውን ክብ እጀታ ለማስታወሻ ባስቀራትስ?

በመጀመሪያው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ ነው የሚመጣው።

አታስነቅይ። አታስቆርጪ። ደላላው ነገ የብየዳ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ካለሽ በሩን አትክፈቺለት። "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" ሲባል ሰምተሻል አይደል? የአንቺ ሞፈር ያ መወጣጫ ነው።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ። ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ወገቡ ተጎድቶ መራመድ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከአደጋው በፊት መንዳት ነፍሱ ነበር። በእጅ የሚነዳ መኪና እንዳለ ከሰማ ቀን ጀምሮ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። ሁለት ዓመት ፈለግን። አንድ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቫን እንዳለ ተነገረን፣ ገንዘቡን ከቤተ ዘመድ አሰባስበን፣ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ከባሕር ዳር ተነሳን። ስንደርስ መኪናው ቆሟል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ግን መወጣጫው የለም። ከአንድ ወር በፊት ተቆርጧል። መግቢያው በላሜራ ተበይዷል፣ የእጅ መቆጣጠሪያው ተፈቶ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፣ መወጣጫው ደግሞ በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ገዢ ሄዷል። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም። "ደላላው ነው እንዲህ ያሰኘኝ፣ እንዲህ ያለ መኪና የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብዬ መቼ አሰብኩ" አለን፣ በጣም አዘነ። ወንድሜ ዊልቸሩን በሩ ሥር አቁሞ ያንን ላሜራ በመዳፉ ሲዳብስ አየሁት። ስንመለስ አባይ በረሃን ስንወርድም ስንወጣም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ስለዚህ "የሚፈልገው የለም" ሲሉሽ አትመኚ። የሚፈልገው አለ። ችግሩ ፈላጊው መኪና ተራ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለመሆኑ ነው። ቤቱ ነው ያለው፣ መውጫ አጥቶ።

ይህ የስሜት ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ወደ ብረቱም እንግባ። ዊልቸር እንዲገባበት የተሠራ ሲዬና ላዩ ሲዬና ቢመስልም ሆዱ ሌላ ነው። የፋብሪካው ወለል ተቆርጦ ወጥቷል፣ በምትኩ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ ብሎ ሌላ ወለል ተሠርቷል። የጭስ ማውጫውና የነዳጁ መስመር አቅጣጫቸው ተቀይሯል፣ ሱስፔንሽኑም ለዚህ ተብሎ ተስተካክሏል። መወጣጫው ቢቆረጥም ወለሉ ወደ ቦታው አይመለስም። የድሮዎቹ የወንበር መግጠሚያዎችም የሉም፣ ስለዚህ ደላላው "እናስገጥማለን" ያለው ወንበር ላሜራ ላይ የሚበየድ ወንበር ነው። ሰው ተቀምጦበት መኪናው ቢጋጭ ብየዳው ሊለቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር በእጅሽ እንዲያልፍ አልፈልግም።

የቡሬው ነጋዴም ቢሆን አይጠቀምበትም። የመወጣጫውና የአዲሱ ወለል ብረት ራሱ ሸክም ነው፣ ስለዚህ የአንቺ መኪና የሚችለው ጭነት ከተራው ሲዬና ያነሰ ነው። ሆዱም ለመሬት ቅርብ ነው። አሥር ኩንታል ጤፍ ጭኖ ከዋናው አስፋልት ወደ ገጠር ቢገነጠል በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ወለሉን ይልጠዋል፣ ከዚያ በማግስቱ በርሽ ላይ ነው። በደህና ሸጥሁ ብለሽ የክርክር ጎረቤት አትግዢ።

የእጅ መቆጣጠሪያው ነገር ትንሽ ይለያል፣ እሱን ለብቻው ልየው። ገዢው ራሱ የማይነዳ፣ ግን ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ ወይም እናት ያለው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። እነሱ የሚፈልጉት መወጣጫውን ነው። እነዚህ ሰዎች የመቆጣጠሪያውን ዘንግ ሲያዩ "ይህ እኛ እንዴት እንነዳዋለን?" ብለው ይፈራሉ። አስረጃቸው፦ ዘንጉ እንደ ተጨማሪ እጅ ከፔዳሎቹ ጋር የተያያዘ ነው እንጂ ፔዳሎቹን አልተካቸውም፣ እግር ያለው ሰው በእግሩ ይነዳል። ካስቸገራቸው የሚያውቅ መካኒክ ሳይቆርጥ፣ ቡሎኑን ብቻ ፈትቶ ሊያወርደው ይችላል። ያኔ አንቺው አስቀምጪው፣ ሌላ ኦቶማቲክ መኪና ያለው አካል ጉዳተኛ ይፈልገዋል። ብቻ ገዢ ሳይኖር ቀድመሽ አታስፈቺ።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ። ደላላው አንድም ጊዜ አላነሳልሽም፣ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ዝም ብሏል። መኪናሽ የገባው ከቀረጥ ነፃ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ያ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ ይከፈላል። ተመሳሳይ መብት ላለው ሰው ሲተላለፍ ግን ጉምሩክ ሲፈቅድ ነፃነቱ አብሮ ሊተላለፍ ይችላል። ልብ በይ እንግዲህ፣ ሕጉም ወደዚያው ነው የሚመራሽ፦ ለነጋዴው ከሸጥሽ ቀረጡ አለ፣ እንደ አንቺው ላለ ሰው ከሸጥሽ የተሻለ መንገድ አለ። ስለዚህ ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት፣ ዋጋ እንኳ ከመጥራትሽ በፊት፣ ሊብሬውንና መኪናው ሲገባ የተሰጠሽን የጉምሩክ ወረቀት ይዘሽ ባሕር ዳር ያለው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ሂጂ። መኪናው ዕድሜው ገፍቷል፣ ስለዚህ ዛሬ ለማንም ብሸጠው የሚከፈለው ስንት ነው፣ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ሰው ባስተላልፈውስ ምን ወረቀት ያስፈልጋል ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ቢሰጡሽ በጣም ጥሩ ነው። ትከሻሽ ለ265 ኪሎ ሜትር አይሆንም፣ ልጅሽ ይንዳ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። "ጉምሩክ ምን ያደርግልሻል፣ ውክልና ስጪውና ይንዳው፣ ስሙ ቀስ ብሎ ይዞራል" የሚልሽ ሰው ይመጣል። ያለ ጥርጥር ይመጣል። በአገራችን ስንት መኪና በውክልና እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ግን በስምሽ ያለ መኪና የአንቺ መኪና ነው። ሰው ቢገጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የመኪናው ባለቤት ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም። በላዩ ላይ ከቀረጥ ነፃ የገባን መኪና ተደብቆ ማስተላለፍ ሲጨመርበት፣ ሱቅሽን ልታሰፊ ብለሽ ሱቅሽን ልታጪ ነው። ስሙ ሳይዞር ቁልፉ አይሰጥ።

ገዢውን የት ታገኚዋለሽ? መኪና ተራ ብቻ አትጠብቂ። መጀመሪያ እዚያው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ሂጂ። ባለሙያዎቹ የትኛው ቤት ውስጥ ማን እንደተኛ ያውቃሉ። ባሕር ዳር ከሄድሽ አይቀር የአካል ተሐድሶ ማዕከሉን፣ ፈለገ ሕይወትንና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎችንም ጎብኚ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን፣ አዲስ አበባ ያለውን የማኅበራቱን ፌዴሬሽንም ሳይቀር፣ አንድ አንድ ወረቀት አድርሺ። አባላቶቻቸው ውስጥ ገንዘብ ያለው ባይኖር እንኳ ውጭ አገር ወንድም ያለው ይኖራል፣ እንደ አንቺው። ሰሞኑን በየቤቱ ስንት ወጣት እግሩን ወይም ወገቡን እንደተጎዳ አንቺም ታያለሽ፣ ስለዚህ ብዙ መናገር አልፈልግም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ፣ የአንቺን ዓይነት መኪና ዛሬ ከአሜሪካ ላስመጣ የሚል ሰው መንገዱ ተዘግቶበታል። አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። ይህን ደላላው ሳይሆን አንቺ ማወቅ አለብሽ፣ ዋጋ ስትነጋገሪ የሚይዝሽ ምሰሶ ይኼ ነው።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ማውጣቱም አይከፋም፣ ግን እንዴት እንደምታወጪው ልንገርሽ። "አሪፍ ሲዬና፣ ሙሉ ኦፕሽን" ብለሽ አትጻፊ። ዊልቸር ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በሩ ከፍታው ስንት ነው፣ ዊልቸሬ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቴ ጣራውን ይነካል ወይ፣ መወጣጫው ወርዱ ስንት ነው፣ የኔ ዊልቸር የኤሌክትሪክ ነው ያስችለዋል ወይ። ሜትር ያዢና ለኪ። የበሩን ከፍታ፣ ውስጡን ከወለል እስከ ጣራ፣ የመወጣጫውን ወርድና ርዝመት፣ በሴንቲ ሜትር ጻፊው። መወጣጫው ጠርዝ ላይ ወይም በሩ ክፈፍ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም የተጻፈበት ምልክት ካለ ፎቶ አንሺው። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ብቻውን ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ሰውየው ሲጨመርበት አስቢው። ከዚያ አንድ ቪዲዮ፣ ሳይቆራረጥ፦ በሩ ሲከፈት፣ መኪናው ወደ ጎን ዝቅ ሲል፣ መወጣጫው ሲዘረጋ፣ አንቺ ስትገቢ፣ ተመልሶ ሲዘጋ። ዊልቸሩ ወለሉ ላይ የሚታሰርበትን አራቱን ቀበቶዎችም አሳዪ። አንዱ ከጠፋ ጠፍቷል በይ። እኔና ወንድሜ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቪዲዮ አይተን ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ መንገድ አንሄድም ነበር።

ስለሚቆመው መወጣጫ፦ ተናገሪ። ይህን ሳትጠይቂኝም ልብሽ የሚነግርሽ ይመስለኛል፣ ባይሆን ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር። መሀል ላይ የቆመ መወጣጫ ለእግረኛ እንከን ነው፣ ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ግን መታሰር ነው። ማታ፣ ዝናብ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ መውጣት ሲያቅተው አስቢው፤ አንቺ ደርሶብሽ ይሆናል። ሕጉም ቢሆን ሻጭ እያወቀ ለደበቀው ጉድለት ተጠያቂ ነው ይላል።

ግን ከመናገርሽ በፊት አስመርምሪው፣ ምናልባት ቀላል ይሆናል። ክረምት ላይ የሚብሰው መሆኑ ራሱ ፍንጭ ነው። መጀመሪያ ባትሪውን። የመወጣጫው ሞተር ብዙ ኃይል ነው የሚስበው፣ ባትሪው ከደከመ መወጣጫውን ለመጨረስ ላይበቃ ይችላል። ሞተር አስነስታችሁ ስትሞክሩት የሚጨርስ ከሆነ መንስኤው እዚያ አካባቢ ነው። ቀጥሎ ጭቃውን። መወጣጫው የሚንሸራተትበት ቦይና በሩ የሚሄድበት ሐዲድ ውስጥ የማርቆስ ጥቁር ጭቃ ደርቆ ተጋግሮ ይገኛል፣ በብሩሽና በአየር ይጸዳ። ውኃ በግፊት አትርጩበት፣ ሽቦዎቹና ማብሪያዎቹ እዚያው ናቸው። ከዚያም ካልሆነ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሽቦ መገናኛዎቹን ይይ፣ ዝገት አይጠፋም። ካስጠገንሽው "ይህ ነበረበት፣ ይህን አድርጌበታለሁ" በይ። ካልተጠገነም "ይህ አለበት" በይና በእጅ እንዴት እንደሚዘረጋ ለገዢው አሳዪው። ባትሪ ቢሞት እንኳ በእጅ የሚለቀቅበት መንገድ አለው፣ ልጅሽ ሲገፋው የኖረው እሱን ነው።

የእጅ መቆጣጠሪያው ላይ ግን ቀልድ የለም፣ ይህ የሰው ነፍስ ነው። ዘንጉን ወደ ፊት ስትገፊው ፍሬን፣ ወደ ጭንሽ ስትጫኚው ነዳጅ እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ብረት መገጣጠሚያው ላይ ይላላል። አንቺ ደግሞ ከእሱ ጋር አብረሽ ስለለመድሽ መላላቱ ላይታወቅሽ ይችላል፣ እጅሽ ሳታስቢው ያካክሰዋል። አዲሱ ሰው ግን የአባይን ቁልቁለት ሲወርድ ነው የሚያውቀው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ደጀን ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፣ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ። ስለዚህ አንድ ጥሩ መካኒክ ከሥር ገብቶ ቡሎኖቹን፣ ኩፒሊያዎቹን፣ ዘንጉ ከፔዳሉ ጋር የተያዘበትን ሁሉ ያጥብቅ፣ ያረጀውን ይቀይር። ሞተሩ እየሠራ መኪናውም ቆሞ ዘንጉን በሙሉ ኃይልሽ ግፊው፤ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ወይም ፍሬኑ ሳይዝ ዳሽቦርዱን የሚነካ ከሆነ እንዲያ ሆኖ አይሸጥ። የፍሬን ሸራውንም አብሮ ይይ። ይህ ወጪ ከዋጋው ላይ ባይመለስልሽም አውጪው።

ሊሞክር የሚመጣውንም ሰው ተጠንቀቂ፣ ለእሱም ለአንቺም። በእጅ ነድቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ቀን ዘንጉን ይዞ አስፋልት ላይ አይውጣ። ሲደነግጥ እጁ የሚሄድበትን አያውቅም፣ ፍሬን ልያዝ ብሎ ነዳጁን ይጫናል። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በፔዳሉ ነድቶ ሞተሩንና ካምቢዮውን ይሞክር፣ ዘንጉን ግን ሰፊ ሜዳ ላይ፣ አንቺ ወይም ልጅሽ አጠገቡ ሆናችሁ፣ ቀስ እያለ ይልመድ። ለዚህ ሰዓት አትሰስቺ። ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱና ቦሎው ያላለፈ መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ማታ የሚመጣን ገዢ አትቀበዪ፣ ብቻሽንም አትሁኚ፣ የእድር ሰው ወይም ጎረቤት ይኑር።

ገዢው ገጠር የሚኖር ከሆነ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ውስጥ ለውስጥ የሚመጣ ማለቴ ነው፣ መኪናው ዝቅ ማለቱን ፊት ለፊት ንገሪው። ቤቱ ድረስ መንገዱ እንዴት እንደሆነ አንቺው ጠይቂው። በሚቀጥለው ሳምንት ወለሉ ተቀድዶ ጋራዥ ከሚገባ ዛሬ ቢቀር ይሻላል።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። ጉምሩክ ከፈቀደ በኋላ ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ገንዘቡ በባንክ ይግባ፣ የቴክስት መልእክት አይተሽ አትመኚ፣ ባንኩ ጋ ደውለሽ ወይም ሄደሽ መግባቱን እይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉን አስቀድመሽ ተመልከቺ፣ ስለ ትዳር ሁኔታሽም ማስረጃ ይጠይቁሻልና ያዢ። ውሉ ውስጥ "አንድ ቶዮታ ሲዬና" ብቻ ብሎ እንዳይቀር። መወጣጫው፣ የእጅ መቆጣጠሪያው፣ አራቱ ማሰሪያዎች፣ ያለበትም ጉድለት በስም በስማቸው ይጻፉ። ጸሐፊው "ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል" ቢልሽ ይጻፍልኝ በይው።

ዋጋውን እኔ አልቆርጥልሽም። ብቻ አቆራረጡ ይህን ይምሰል፦ በዚያ ዓመተ ምሕረት የተሠራ ተራ ሲዬና በምን ያህል እየተሸጠ እንደሆነ ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ያለበትን ሁኔታ አይተሽ ቀንሺ ወይም ጨምሪ፣ ከዚያ ለመወጣጫውና ለእጅ መቆጣጠሪያው የሚገባውን ጨምሪበት። ደላላው የሰጠሽ ዋጋ ከተራው ሲዬና በታች ነው፣ "የተበላሸ" ብሎ ስለቆጠረው። በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ድሃ ነው። እጅግ አስወድደሽ ዓመት ከምታቆሚው፣ ቆሞ ጎማውም ባትሪውም ከሚሞት፣ ለሚገባው ሰው ትንሽ ዝቅ ብለሽ ብትለቂለት አትከስሪም። ከነጋዴው በላይ፣ ከምኞትሽ በታች። ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ነውና ለሱቁ የምትፈልጊውን ቀን በዚያው ልክ አስቢበት። ደላላውን ማባረር የለብሽም፣ "ሳይቆረጥ ሸጠህ ስጠኝ፣ ኮሚሽንህን እከፍላለሁ" በይው። እምቢ ካለ የሱ ጉዳይ ነው።

የወንድምሽ ነገር። ነውር አይደለም፣ ግን ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ዛሬውኑ ደውዪለት። የላከልሽ እንድትንቀሳቀሺበት ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ተንቀሳቅሰሽበታል፣ ትከሻሽ ካለቀ በኋላ ተሸክመሽው እንድትኖሪ አልላከውም። ይልቅ ሳትቆርጪው፣ እንደ አንቺ ላለ ሰው ልትሰጪው መሆኑን ስትነግሪው ደስ እንደሚለው አልጠራጠርም።

እጀታዋን ተዪያት እህቴ። ይህን ስጽፍ አንጀቴን በልቶኛል፣ መዳፍሽ ያለሰለሳት ናት። ግን አስቢው፦ አንድ እጅ ሁልጊዜ ዘንጉ ላይ ነው። መሪውን የሚያዞረው የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው፣ የሚያዞረውም ያችን እጀታ ይዞ ነው። እሷ ከሌለች አዲሱ ሰው አደባባዩን መዞር አይችልም። ለማስታወሻ ከሆነ ፎቶ አንሺያት፣ ወይም ወንድምሽ ሌላ አዲስ ገዝቶ በመንገደኛ ይላክልሽና አዲሷ ተገጥማ አሮጌዋ ላንቺ ትቅር። ይህ ይቻላል፣ ትንሽ ዕቃ ናት። ተገጥማ ሳታልቅ ግን አሮጌዋ አትፈታ።

ወንድምሽ ጋ ስትደውዪ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ መኪናውን ለዊልቸር የቀየረው ድርጅት የሰጠው መመሪያ መጽሐፍ የት ነው? ከቶዮታው መጽሐፍ የተለየ፣ ስለ መወጣጫውና ስለ ወለሉ ብቻ የሚናገር ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት ባለው የዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ከሌላ ወረቀት ጋር ተጣጥፎ ይቀመጣል፣ ልጅሽ ዛሬ ይፈትሽ። ለመካኒኩም ለገዢውም እሱ ያስፈልጋቸዋል።